ቬፕ ስስብ ያስለኛል፣ ምን ልውሰድ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እየበዛ መጥቷል። አጻጻፉ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። «ዶክ፣ ቬፕ ስስብ በጣም ያስለኛል፤ ሳሉን የሚያጠፋ ምን ልውሰድ?» «ጓደኞቼ ምንም አይሆኑም፣ እኔን ብቻ ነው የሚያስለኝ፤ አለርጂ ይሆን?» «ሲጋራ ትቼ ቬፕ ከጀመርኩ ወዲህ ሳሉ ብሶብኛል፤ ወደ ሲጋራዬ ልመለስ እንዴ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ስለሆነ በኋላ እመጣበታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን እውነቱን ለመናገር ትንሽ ያስቁኛል፣ ትንሽም ያሳዝኑኛል። ሳል የሳንባ ዘበኛ ነው። ወደ አየር ቧንቧችን መግባት የሌለበት ነገር ሲገባ በሰከንድ ውስጥ ጠርጎ ለማስወጣት የተፈጠረ ነው። ውኃ ትን ሲላችሁ የምታስሉት ለዚህ ነው። ትን ያለውን ሰው ደግሞ «ቶሎ የሳል ሽሮፕ ስጡት» የሚል የለም፤ እስኪወጣለት ድረስ እንዲያስል እንተወዋለን። ቬፕ ስባችሁ ስታስሉም ሰውነታችሁ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ ሳሉን ዝም የሚያሰኝ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ሳሉ የሚላችሁን ስሙት። ምክንያቱም ሳሉን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ አምራቾቹ ዘዴውን ካወቁት ቆይተዋል።

እሺ፣ ለምን ያስላል? «የውኃ እንፋሎት ብቻ ነው» የሚባለውን ወሬ እርሱት። ቬፕ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮል እና ግሊሰሪን የሚባሉ ሁለት ነገሮች ድብልቅ ነው፤ በላዩ ላይ ኒኮቲንና ፍሌቨር ይጨመርበታል። ውስጡ ኮይል የምትሏት ትንሽ ጥቅል ሽቦ አለች። ባትሪው ሽቦዋን 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያግላታል፤ ጥጡ የመጠጠው ፈሳሽ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይቀየርና እሱን ትስባላችሁ። ሳንባ ውስጥ የሚገባው እንግዲህ ይሄ ነው።

ፕሮፒሊን ግላይኮል ባሕርዩ እርጥበት መምጠጥ ነው። አፍና ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ ያደርቃል፣ ይከረክራል። በቴአትርና በኮንሰርት መድረክ ላይ የሚለቀቀው ሰው ሠራሽ ጭስ ውስጥም ይገባል፤ እዚያ የሚሠሩ ሰዎችም ጉሮሯቸውን እንደሚከረክራቸውና እንደሚያስላቸው ይታወቃል። አሁን ይህን ወደ እኛ ከተማ አምጡት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ አቧራው አለ፣ የመኪናው ጭስ አለ። ጫት እየቃመ ቬፕ የሚስብ ደግሞ አለላችሁ፤ ጫቱ ራሱ አፍ ያደርቃል። ቀድሞውንም የደረቀ ጉሮሮ ላይ የሚያደርቅ ነገር መጨመር ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች «ማታ ማታ ነው የሚያስለኝ» ሲሉኝ አይገርመኝም።

ኒኮቲኑ ራሱ ሌላው ምክንያት ነው። የአየር ቧንቧችን ግድግዳ ላይ የሚያስቆጣ ነገር ሲነካቸው ሳል የሚቀሰቅሱ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ ኒኮቲን በቀጥታ ይነካቸዋል። መጠኑ በጨመረ ቁጥር መቆጥቆጡም ይጨምራል። ማሸጊያው ላይ 5 ፐርሰንት የሚል ካያችሁ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ኒኮቲን አለ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የፈቀደው ጣሪያ 20 ነው። ሲጋራ በጭራሽ አጭሶ የማያውቅ የ19 ዓመት ልጅ በላውንጅ ወንበር ላይ በ50 ሲጀምር ማሳሉ ጤነኛ ሳንባ እንዳለው ነው የሚያሳየኝ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የተቃጠለው ኮይል ነው። ፈሳሹ ሲያልቅ ወይም ጥጡ ሲደርቅ ሽቦዋ መጋሏን አታቆምም። ያኔ ፈሳሹ መትነኑ ቀርቶ ይቃጠላል፤ ጥጡም አብሮ። ጣዕሙ መራራ፣ ሽታው የተቃጠለ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ድስት ላይ ዘይት ተረስቶ ሲያር ዓይን የሚያስለቅስ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ጭስ ይወጣ የለ? እዚያ ጭስ ውስጥ ያለው አክሮሊን የሚባል ኬሚካል ግሊሰሪን ሲቃጠልም ይፈጠራል። ፎርማልዲሃይድም እንዲሁ። የሚጣለውን ቬፕ «ባትሪው ገና አላለቀም» ብለው ደረቅ ጥጥ የሚስቡ ልጆች አሉ። ኧረ ተዉ! ለባትሪ የሚሳሳ ሰው ለሳንባው እንዴት አይሳሳም?

ፍሌቨሩን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ አለ። «የሚበላ ፍሌቨር ነው፣ ከረሜላ ውስጥ ያለው ነው» ይላሉ። ሆድ የሚቀበለውን ሁሉ ሳንባ አይቀበልም። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ የሠሩ 8 ሰዎች ትንንሽ የአየር ቧንቧዎቻቸው ጠባሳ ሠርተው በማይድን የሳንባ በሽታ መያዛቸው ታወቀ። ምክንያቱ ፈንዲሻው ላይ የሚጨመረውና የቅቤ ጣዕም የሚሰጠው ዳይአሴቲል ነበር። ሲበላ ችግር የለበትም፤ እነሱ ግን ቀኑን ሙሉ ተነፈሱት። በ2015 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 51 የቬፕ ፍሌቨሮችን መርምረው ይህንኑ ኬሚካል በ39ኙ ውስጥ አግኝተውታል። እርግጥ ሲጋራ ውስጥም አለ፣ ያውም በብዛት፤ ቬፕ የሚስብ ሁሉ እንደ ፈንዲሻ ሠራተኞቹ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን «የሚበላ ነው» የሚለው መከራከሪያ ዋጋ እንደሌለው ይታወቅልኝ። ከፍሌቨሮቹ ውስጥ ቀረፋ ነክ የሆኑት ጉሮሮ በማስቆጣት ይታወቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ጓደኞቼን አያስላቸውም» ለሚሉት።

የድሮው ቬፕ ጠንከር ያለ ኒኮቲን ከያዘ ጉሮሮ ይመታ ነበር፤ ሰው ያስልና ይተወዋል ወይም ይቀንሳል። ለሻጭ ይህ ችግር ነው። መፍትሔው ተገኘ፦ ኒኮቲኑ ላይ እንደ ቤንዞይክ አሲድ ያለ ነገር ጨምሮ ኒኮቲን ሶልት ማድረግ። አሲዱ የኒኮቲኑን መቆጥቆጥ ያለሰልሰዋል፤ በጣም ከፍተኛ መጠን ያለው ኒኮቲን ጉሮሮ ሳይነካ እንደ ቅቤ ይወርዳል። ጁል የተባለው ምርት በ2015 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ይዞ አሜሪካ ገበያ ገባ። በ2017 ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቬፕ የሚጠቀሙት 11.7 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 27.5 በመቶ ወጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ! ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው አልልም፤ ማስታወቂያውም፣ ፍሌቨሩም፣ ፍላሽ የመሰለው ቅርጹም አለበት። ግን ልጆቹን ቢያስላቸው ኖሮ ያን ያህል ይቀጥሉ ነበር ብዬ አላምንም።

ሚንትና «አይስ» የሚል የተጻፈባቸውም ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። ሜንቶል የቅዝቃዜ ስሜት የሚሰጡ ነርቮችን ይነካና የመቆጥቆጡን ስሜት ይሸፍነዋል። ጉሮሮው ቀዝቀዝ አለ እንጂ የገባው ነገር አልተቀየረም።

ስለዚህ ማንን ነው የምፈራለት ብትሉኝ፣ የማያስለውን ነው። የሚያስለው ልጅ ቢያንስ ሰውነቱ እየተናገረለት ነው። የማያስለው ዘበኛው ተኝቶ ቀኑን ሙሉ ሲስብ ይውላል፤ አልጋ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሽንት ቤት። ሲጋራ ተለኩሶ ያልቃል፣ ይጣላል፤ ቬፕ ግን «አለቀ» የሚባልበት ቦታ የለውም። በሳምንታት ውስጥ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ስልኩን ሳይሆን ቬፑን ይሆናል። ሱስ ማለት ይሄው ነው።

«ታዲያ ሽሮፕ ብወስድስ?» አትውሰዱ። ሳል የሚያፍን ሽሮፕ ጠጥቶ ቬፕ መሳብ ማለት የእሳት አደጋ ደወሉን ፈትቶ እሳቱን መተው ነው። ኮዴይን ያለባቸው ደግሞ ራሳቸው ሱስ ናቸው። አንቲባዮቲክም አይሠራም፤ እዚህ የሚገደል ባክቴሪያ የለም። ማርና ዝንጅብል በሻይ? ጠጡ፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ እኔም እጠጣለሁ። ዳማከሴም የእናቶቻችን ነው፣ ክብር ይገባዋል። ግን አንዱም የቬፕን ጉዳት አያጥብም። ሻይ ከጠጣችሁ በኋላ «አሁን ተሻለኝ» ብላችሁ መልሳችሁ የምትስቡ ከሆነ ማሩ ባከነ።

ትክክለኛው መድኃኒት ማቆም ነው። ይህን ብዬ ብዘጋው ደግሞ ግማሻችሁ ገጹን ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ፤ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ ለማቆም ዝግጁ ያልሆነ ሰው ቢያንስ የሚከተለውን ይስማ። ጉንፋን ሲይዛችሁ ወይም ደረታችሁ ሲያፍናችሁ ጨርሳችሁ አትሳቡ። አስም ያለበት ሰው ቬፕ ከነጭራሹ አይነካ፤ በዚህ አልደራደርም። የተቃጠለ ጣዕም ከመጣ ያን ጊዜውኑ አስቀምጡት። ጭሱን ሳንባ ውስጥ ይዛችሁ አትቆዩ፣ ተከታትላችሁም አትሳቡ። የኒኮቲኑን መጠን እያወረዳችሁ ሂዱ እንጂ ሳሉ ጠፋ ብላችሁ ወደ ሶልት አትሸጋገሩ። ውኃ ጠጡ። ሰው ቤት ውስጥ የቀመመውን ወይም ማንነቱ የማይታወቅ ፈሳሽ፣ ዘይት ያለበትን በተለይ፣ አትንኩ። ፈሳሹን ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ አርቁ፤ ትንሽ ቢጠጣ ይመርዘዋል።

ዘይት ያልኩት በምክንያት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች በሳል፣ በትንፋሽ ማጠር፣ በደረት ሕመምና በትኩሳት፣ አንዳንዶቹም በማስታወክና በተቅማጥ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ 2,807 ሰዎች ተመዘገቡ፣ 68ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተጠቀሙት ከመንገድ ወይም ከጓደኛ የተገዛ፣ የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበትን ነበር፤ ፈሳሹን ለማወፈር የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ዘይት በብዙዎቹ ሳንባ ውስጥ ተገኘ። ቫይታሚን ኢ! ቆዳ ላይ የሚቀባው፣ በእንክብል የሚዋጠው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭ ከልክሏል፤ ሺሻንም እንዲሁ። ግን በቴሌግራም ታዝዞ በሞተር ቤት ድረስ ይመጣል፤ ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የሚያሳስበኝ የሕጉ መጣስ ብቻ አይደለም። በድብቅ የገባን ዕቃ ማንም አልመረመረውም። «0 ኒኮቲን» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ያን ያረጋገጠላችሁ ማነው? ማንም። ስለዚህ «ይሄኛው ብራንድ ይሻላል ወይስ ያኛው» ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሣጥኑን እንጂ ውስጡን ስለማላውቅ መልስ የለኝም።

አሁን ከሁሉ በላይ እንዲነበብልኝ የምፈልገው ክፍል ላይ ደረስን። ያስለኛል የሚል ሁሉ በቬፕ አይደለም የሚያስለው።

ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ካለባቸው አገሮች አንዷ ነች። ቬፕ የሚስብ ወጣት ለሁለት ወር ሲያስል «ያው ቬፑ ነው» ብሎ ይቀመጣል፤ ጓደኞቹም «ቀንስ» ይሉታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በእኛ አገር የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል፤ ቬፕ ሳባችሁም አልሳባችሁም። በተለይ ማታ ማታ የሚያልባችሁ፣ ክብደት የቀነሳችሁ፣ የምግብ ፍላጎት ያጣችሁ፣ አክታችሁ ደም የነካው ከሆነ ነገ አትበሉ፣ ዛሬ ሂዱ። አክታ ሰጥቶ መመርመር ነው፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት ነፃ ነው፣ ይድናል። የዘገየ ሰው ራሱ ይጎዳል፣ ቤት ያሉትን እናቱንና ታናናሾቹንም ያስይዛል።

አስምም አለ። ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ያለው፣ ስትሮጡ ወይም ብርድ ሲነካችሁ የሚብስ ሳል ካለ አስም ሊሆን ይችላል። ሲተኙ የሚብስና ከቃር ጋር የሚመጣ ከሆነ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየወጣ ይሆናል። ለደም ግፊት ኤናላፕሪል የሚወስዱ አባትና እናት ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ ራሱ ደረቅ ሳል ያመጣል፣ ለሐኪማቸው ይንገሩ፣ በራሳቸው ግን አያቋርጡ። የከሰልና የዕጣን ጭስም በተዘጋ ቤት ያስላል። ይህን ስጽፍ «ታዲያ ቡና አይፈላ ነው?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ይፈላ፣ መስኮት ይከፈት።

እና ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ቬፑን ንገሩ። ካርድ ላይ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ልጁ «አላጨስም» ይላል። ዋሸ ማለት አይቻልም፤ በእሱ አስተሳሰብ ቬፕ ሲጋራ አይደለም። ልጅቷ ደግሞ እናቷ አጠገቧ ቆመው እንዴት ትናገር? ሐኪሙም ሳይነገረው ይቀርና ራጅ ያዛል፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ሳምንት አልፎ ሳሉ እዚያው ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ካነበባችሁ ጥያቄውን ለውጡት፦ «ሲጋራ፣ ሺሻ ወይም ቬፕ ትጠቀማለህ?» በሉ፣ ቤተሰቡንም ለአምስት ደቂቃ ውጭ አስቀምጡ። እናንተም ልጆች አትፍሩ። ሐኪም ፖሊስ አይደለም፤ የነገራችሁትን በምስጢር የመያዝ ግዴታ አለበት። ትንፋሽ አጥሮት፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ደረቱን ወግቶት ወይም ደም አስሎ የሚመጣ ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ይግባ፤ ቬፕ መጠቀሙንም የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያድርገው።

ከሲጋራ ወደ ቬፕ ለተሻገሩት፣ ያስቀመጥኩት ጥያቄ። ወደ ሲጋራ አትመለሱ። ሲጋራ ማቆም ራሱ ለጥቂት ሳምንታት ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ የአየር ቧንቧ ውስጥ ቆሻሻ ጠራጊ ደቃቅ ፀጉሮች አሉ፣ ሲጋራው ሲቀር ነቅተው የተጠራቀመውን አክታ መግፋት ይጀምራሉ። በላዩ ላይ ቬፑ የራሱን መቆጥቆጥ ይጨምራል። ከእውነት ጋር አልጣላም፦ ኒኮቲን ያለው ቬፕ አንዳንድ ትልልቅ አጫሾች ሲጋራ እንዲያቆሙ እንደሚረዳ ጥሩ ጥናቶች አሉ፤ እንግሊዝ አገር ሐኪሞች ለዚህ ሲሉ ይመክሩታል። እዚያ ግን የተመዘገበና መጠኑ የተገደበ ምርት ነው። ሃያ ዓመት ያጨሰ የ45 ዓመት ሰው ከሲጋራ ለመውጣት መያዙ ሌላ ነው፣ ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ለፎቶ ብሎ መጀመሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ደግሞ ሦስተኛውን ነው፤ ቤት ቬፕ፣ ውጭ ሲጋራ። ይሄ መሻገር አይባልም፣ መጨመር ነው። ተሻግራችሁ ከሆነ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ተዉ፣ ከዚያ ቬፑንም የምታቆሙበትን ቀን ያዙ።

የምታቆሙ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባዶች ናቸው። ራስ ምታት፣ ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩረት መበተን ይኖራል፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይረግባል። ፍላጎቱ ሲመጣ እንደ ማዕበል መጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳል፤ በዚያች ሰዓት ተነሱና ውጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሰው ደውሉ። ከፈተና ሳምንት ጋር አታገናኙት። ዕቃውን መሳቢያ ውስጥ «ለአንድ ቀን» ብላችሁ አታስቀምጡ። ለወዳጅም አትስጡት፣ ጣሉት። ቅዳሜ ማታ ከማን ጋር እንደምትቀመጡ አስቀድማችሁ አስቡ፤ አብዛኛው ሰው የሚመለሰው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ወላጆች ደግሞ የልጃችሁን ቦርሳ ውስጥ ፍላሽ የሚመስል ጣፋጭ የሚሸት ነገር ካገኛችሁ ከመጮኻችሁ በፊት «ጠዋት ስትነሳ ይፈልግሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ አዎ ከሆነ ልጃችሁ ሱስ ይዞታል፤ ቁጣ የተደበቀውን ይበልጥ ያስደብቀዋል።

ስንት ጊዜ ስትስሉ እንደቆያችሁ፣ አክታ ይኑር አይኑር፣ ሌሊት ይቀስቅሳችሁ እንደሆነና የምትጠቀሙት ፈሳሽ ላይ ምን እንደተጻፈ አድርጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስም አልጠይቅም። ሁለት ሳምንት ያለፋችሁ ግን መልሴን ሳትጠብቁ ነገ ጠዋት አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና አክታችሁን አስመርምሩ።